አንድ ኮንሰርት፣ አራት ቀረጻ፤ የትኛውን ልስማ?

ጥያቄ፦ «ጋሼ፣ ከዓመት ወዲህ ግሬትፉል ዴድ የሚባለው የአሜሪካ ባንድ ፍቅር ይዞኛል። ኢንተርኔት አርካይቭ ላይ የአንድ ምሽት ኮንሰርት አራትና አምስት ዓይነት ቀረጻ ይኖረዋል። አንዱ ሳውንድቦርድ ይላል፣ አንዱ ኦዲየንስ፣ ሌላው ማትሪክስ። የቱን ሰምቼ ነው የምፈርደው? ደግሞ ሰው ሁሉ የ1977ቱን የኮርኔል ኮንሰርት የሚያክል የለም ይላል። እኔ ግን የ1972ቱ የቬኔታ ኮንሰርት ይበልጥብኛል። ጆሮዬ ነው ችግር ያለበት?»

ጆሮህ ደህና ነው። ግን ሁለት ነገር አንድ ሚዛን ላይ ጭነሃል። አንዱ፣ ባንዱ በዚያ ምሽት እንዴት ተጫወተ የሚለው ነው። ሌላው፣ ያ ምሽት እንዴት ተቀረጸ የሚለው። ግሩም ምሽት በተበላሸ ካሴት ይደርስሃል። መካከለኛ ምሽትም በጥሩ ቴፕ አምሮበት ይመጣል። ሃያ ዓመት ሚክሰር (የድምፅ መቀላቀያ) ላይ ቆሜያለሁና ስለ ሁለተኛው ጉዳይ የምነግርህ ብዙ አለኝ።

ባንዱን ለማታውቁት በአጭሩ ልንገራችሁ። ግሬትፉል ዴድ በ1965 ሳንፍራንሲስኮ አካባቢ ተመሠረተ (ዓመቶቹ ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው)። ሊድ ጊታሪስቱ ጄሪ ጋርሲያ በ1995 እስኪሞት ድረስ 2,300 ያህል ኮንሰርት ተጫውተዋል። ዛሬ ጃም ባንድ የሚባለው አጨዋወት በዋናነት የመጣው ከእነሱ ነው። ዘፈኑ ይጀመራል፣ ግጥሙ ይዘፈናል፣ ከዚያ ሙዚቀኞቹ እርስ በርስ እየተደማመጡ ማንም ወዳላሰበው ቦታ ይሄዳሉ። «ዳርክ ስታር» የሚባለው ዘፈናቸው በ1968 በሸክላ ሲወጣ ሦስት ደቂቃ አይሞላም ነበር። በ1969 «ላይቭ ዴድ» አልበም ላይ 23 ደቂቃ ሆነ። አንተ በምትወደው የቬኔታ ኮንሰርት ደግሞ 30 ደቂቃ አለፈ። ለእኛ ይሄ እንግዳ ነገር አይደለም። ትዝታ ሲባል «የማን ትዝታ?» እንላለን እንጂ «ትክክለኛው ትዝታ የቱ ነው?» አንልም።

ቀረጻው የበዛው ደግሞ በሁለት በኩል ስለሚቀረጽ ነው። ባንዱ ራሱ ይቀርጻል። ተመልካቹም ማይክና ካሴት መቅረጫ ይዞ ይገባል። ሌሎች ባንዶች እንዲህ ያለውን ሰው ከበር ይመልሱ ነበር። እነዚህ ግን ዝም አሉት። በ1984 መጸው ጭራሽ ለቀራጮቹ የራሳቸውን ቦታ ከሚክሰሩ ጀርባ ሰጧቸው። ካሴቱ ከእጅ ወደ እጅ ይዞራል፣ አይሸጥም።

አሁን ወደ ጥያቄህ እንግባ። ሳውንድቦርድ ማለት ከሚክሰሩ በሽቦ የተወሰደ ድምፅ ነው። ጥርት ያለ ስለሆነ ሰው ሁሉ መጀመሪያ የሚሮጠው ወደ እሱ ነው። ግን አንድ ነገር ልብ በል። ሚክሰሩ የሚያወጣው አዳራሹ ውስጥ የሚሰማውን ሙሉ ድምፅ አይደለም። የጎደለውን ብቻ ነው የሚሞላው።

ይሄን በራሴ ሥራ ነው የተማርኩት። ከዓመታት በፊት አዲስ አበባ ውስጥ አንድ ጠባብ ክበብ ውስጥ ሳውንድ እሠራ ነበር። ጊታሪስቱ አምፕሊፋየሩን ጮክ አድርጎ ከፍቶታል። ቤቱ በእሱ ጊታር ተሞልቷል። ስለዚህ ሚክሰሩ ላይ የጊታሩን ድምፅ ከነጭራሹ አልከፈትኩትም። የዘፋኟን ግን ወደ ላይ አወጣሁት፣ አለዚያ አትሰማም። ቤቱ ውስጥ ለተቀመጠው ሰው ሚዛኑ ልክ ነበር። ከሚክሰሩ የቀረጽኩትን በማግስቱ ቁጭ ብለን ሰማነው። ዘፋኟ ጆሯችን ሥር ቆማ ትዘፍናለች። ጊታሩ ግን ጎረቤት ቤት የሚመታ ይመስላል። የሚሰማውም በእሷ ማይክ ሾልኮ የገባው ብቻ ነው። ልጁ ቅስሙ ተሰበረ። ያን ምሽት ከዚያ በፊት ሰምቼው በማላውቀው ሁኔታ ነበር የተጫወተው። ቴፑ ላይ ግን የለም።

በግሬትፉል ዴድ ሳውንድቦርዶችም ይሄው ያጋጥምሃል። ድምፃውያኑ ጎልተው፣ የጋርሲያ ጊታር ቀጥኖ ከሰማህ «ዛሬ ጋርሲያ ደከመ» ብለህ አትፍረድ። በዚያ ምሽት ከመድረኩ ሥር የቆመው ሰው ጊታሩን በደንብ ሰምቶት ይሆናል።

ኦዲየንስ የሚለው ተመልካች መሃል በቆመ ማይክ የተቀረጸው ነው። እዚህ ላይ ሁሉ ነገር በማይኩ ቦታ ይወሰናል። ከመድረኩና ከሚክሰሩ መካከል የቆመ ማይክ ድምፁን ትኩስ ሆኖ ነው የሚያገኘው። ወደ ኋላ በራቀ ቁጥር ግድግዳውና ጣሪያው የመለሱት ድምፅ ይበዛል፣ ከበሮው ይጠፋል፣ ቤዙ ይታፈናል። ከጎኑ የሚያወራ ሰው ካለ ደግሞ ወሬውን ለዘላለም ትሰማዋለህ። እንዲያም ሆኖ ጥሩ የተመልካች ቀረጻ ሳውንድቦርድ በፍጹም የማይሰጥህን ነገር ይሰጥሃል። አዳራሹን ይሰጥሃል። ዘፈኑ ሲለወጥ ሕዝቡ መቼ እንዳወቀ፣ መቼ ጸጥ እንዳለ፣ መቼ እንደፈነዳ ትሰማለህ። በዚህ ሙዚቃ ደግሞ ሕዝቡ የሙዚቃው አካል ነው። ባንዱ ሕዝቡን እየሰማ ነበር የሚጫወተው።

ማትሪክስ ሁለቱን መቀላቀል ነው። ሲሳካ ከሁሉም ይበልጣል። የሳውንድቦርዱ ጥራትና የአዳራሹ አየር አንድ ላይ ይመጣሉ። ግን ሥራው ቀላል እንዳይመስልህ። ድምፅ በሰከንድ 340 ሜትር ያህል ይጓዛል። ከስፒከሩ 30 ሜትር ርቆ የቆመ ማይክ ድምፁን የሚያገኘው ከሰከንድ አንድ አስረኛ ጥቂት ባነሰ ጊዜ ዘግይቶ ነው። ይሄ ልዩነት ካልተስተካከለ እያንዳንዱ የከበሮ ምት ሁለት ጊዜ ይመታል። ከተስተካከለ በኋላም ሁለቱ ቴፖች እኩል ፍጥነት ስለማይሄዱ በየደቂቃው ቀስ በቀስ ይለያያሉ። ስለዚህ ማትሪክስ ስትሰማ ስኔሩን፣ ያን ጠጠር ያለ ድምፅ ያለውን ትንሽ ከበሮ፣ አድምጥ። አንዴ ጠጠር ብሎ ከመታ ሥራው በጥንቃቄ ተሠርቷል። «ጠ-ጠ» ካለ ዝጋውና ሌላ ፈልግ።

ከማወዳደርህ በፊት ሁለት ነገር አስተካክል። እነዚህን ሳያስተካክሉ የሚሰጥ ፍርድ ላይ እምነት የለኝም።

የመጀመሪያው የድምፅ መጠን ነው። ሁለት ቀረጻ ስታወዳድር በትንሹም ቢሆን ጮክ ያለው የተሻለ ይመስላል። ምክንያቱ ጆሯችን ነው። ድምፅ ሲቀንስ ቤዙና ቀጫጭኑ ድምፅ ከመሃለኛው ቀድመው ይጠፉብናል። ዘፋኙ ዝም ያለበት፣ መሣሪያው ሁሉ የሚጫወትበት አንድ ቦታ ምረጥ። ሁለቱን እያፈራረቅህ እኩል እስኪሆኑ ድረስ አንዱን ቀንስ። ጮክ ያለውን ነው የምትቀንሰው፣ ዝግ ያለውን አትጨምር።

ሁለተኛው ፍጥነት ነው፤ እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። ካሴት ከካሴት ሲገለበጥ መቅረጫዎቹ እኩል አይሽከረከሩም። ስልክህ ላይ የጊታር መቃኛ አፕ ጫን። «ስካርሌት ቢጎኒያስ» የሚባለው ዘፈናቸው የሚጫወተው በቢ (B) ቅኝት ነው። የምትሰማው ቀረጻ በቢና በሲ መሃል ከተንጠለጠለ ቴፑ እየሮጠ ነው። ቅኝቱ ከቢ እስከ ሲ (C)፣ ማለትም በግማሽ ድምፅ፣ እንዲወጣ ፍጥነቱ 6 በመቶ ያህል መጨመር አለበት። ጭማሪው 2 በመቶ ብቻ ከሆነ መበላሸቱን ላታውቀው ትችላለህ። ግን ባንዱ የነቃ፣ የጋርሲያም ድምፅ ወጣት ይመስልሃል። «ይሄኛው ምሽት ኃይል አለው» ትላለህ። ኃይሉ ግን የመቅረጫው ሞተር ነው። ለዚህ ፒያኖውን ተከተል። ጊታር በየዘፈኑ መሃል ይቃኛል፣ ፒያኖ ግን እንደተቃኘ ያመሻል።

የቀረውን ቶሎ ልለፈው። ቀረጻው በስንት ቅጂ እንዳለፈ ከሥሩ የተጻፈውን መግለጫ አንብብ። በእያንዳንዱ ቅጂ «ሽ» የሚለው ድምፅ ይጨምራል፣ ጸናጽሉም ይደበዝዛል። በዶልቢ (የካሴትን «ሽ» ድምፅ በሚቀንሰው ዘዴ) የተቀረጸ ካሴት ያለ ዶልቢ ሲጫወት ስል ብሎ ጆሮ ይወጋል። ካሴቱን ወደ ሌላ ጎኑ ሲያዞሩት የጠፋውን ደቂቃ ከሌላ ቀረጻ ቆርጠው የሚሞሉም አሉ። በሶሎው መሃል ድምፁ ድንገት ከተለወጠ ባንዱ ምንም አላደረገም፣ ቴፑ ነው የተቀየረው።

እኔ ራሴ የተሳሳትኩበትን ደግሞ ልንገርህ። ለረጅም ጊዜ በ1974 የባንዱ ድምፃውያን ደክመው ነበር ብዬ አምን ነበር። ቀረጻዎቹ ላይ ድምፃቸው ቀጭን ነው፣ ደረት የለውም። በኋላ ነው ምክንያቱን የተረዳሁት። በዚያ ዓመት ባንዱ የሚጫወትበት «ዎል ኦፍ ሳውንድ» የሚባል የድምፅ ግንብ ነበር። በመቶዎች የሚቆጠሩ ስፒከሮች ከሙዚቀኞቹ ጀርባ እንደ ግድግዳ ተደርድረዋል። እያንዳንዱ መሣሪያ የራሱ ስፒከሮች አሉት። የፊል ሌሽ ቤዝ ጊታር እንኳ ለእያንዳንዱ ክር የተለየ ስፒከር ነበረው። ሙዚቀኛውም ተመልካቹም የሚሰሙት ያንኑ ድምፅ ነው።

ስፒከር ከማይክ ጀርባ ሲሆን ምን እንደሚሆን ሳውንድ የሠራ ሁሉ ያውቃል። ማይኩ ይጮኻል። እነሱ መላ አመጡ። ለእያንዳንዱ ድምፃዊ ሁለት ማይክ አንድ ላይ አሰሩ፣ አንዱን በተቃራኒ አቅጣጫ ገመዱት። ድምፃዊው የሚዘፍነው ወደ አንደኛው ብቻ ነው። ከጀርባ የሚመጣው የስፒከር ድምፅ ሁለቱ ማይኮች ላይ እኩል ስለሚያርፍ እርስ በርሱ ይጠፋፋል። ግሩም ሐሳብ ነው። ግን የድምፃዊውም ድምፅ ወደ ሁለተኛው ማይክ ይገባል፣ በተለይ ወፍራሙ። እሱም አብሮ ይጠፋል። ቀጭን ሆነው የሰማኋቸው ለዚህ ነው። ጉሮሯቸው ምንም አልነበረውም። ስለዚህ የ1974ን ኮንሰርት በሳውንድቦርድ ብቻ አትፍረድበት። ግንቡ ራሱ ነበር ሚክሱ። ጥሩ ቦታ ላይ የተቀረጸ የተመልካች ቴፕ ካገኘህ መጀመሪያ እሱን ስማ።

አሁን ኮርኔል። ሜይ 8 ቀን 1977፣ ኢታካ ኒውዮርክ፣ የኮርኔል ዩኒቨርሲቲ ባርተን ሆል። ቦታው የስፖርትና የወታደራዊ ሥልጠና አዳራሽ ነው፣ ሰፊና ድምፅ የሚያስተጋባ። በሜይ ወር በረዶ የጣለበት ምሽት ነበር። የቀረጸችው የድምፅ ባለሙያዋ ቤቲ ካንተር-ጃክሰን ናት። ቤቲ የአዳራሹን ሚክስ ዝም ብላ አልወሰደችም። ለቴፑ ብላ የራሷን ሚክስ ትሠራ ነበር። የእኔን ጊታሪስት ያሳዘነው ችግር በእሷ ቴፕ ላይ የለም። ጊታሩ፣ ቤዙ፣ ፒያኖው፣ ሁለቱ ድራሞች ሁሉም ቦታ ቦታቸውን ይዘዋል። የጋርሲያ ጣት ክሩን ሲለቅ ሳይቀር ይሰማል። በእኔ ሙያ እንዲህ የሚሠራ ሰው ሳይ ባርኔጣዬን አወልቃለሁ።

እነዚህ ቴፖች ከጊዜ በኋላ በኪራይ መጋዘን ተቀምጠው ኪራዩ ሳይከፈል ቀረ፣ በ1986 ለጨረታ ቀረቡ። ከገዢዎች እጅ ወጥተው ተባዙ። ሰው ሁሉ አሥር ጊዜ የተገለበጠ ካሴት በሚሰማበት ዘመን ይሄ ቴፕ እንደ መስታወት ጠርቶ መጣ። የኮርኔል ዝና ግማሹ ከዚህ የመጣ ነው ብዬ አምናለሁ። የአሜሪካ ኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት በ2012 ይፋ ባደረገው ዝርዝር በብሔራዊ የቀረጻ መዝገቡ አስገባው። በይፋ ታትሞ ለሽያጭ የወጣው ግን በ2017 ነው።

ምሽቱ አይረባም ማለቴ እንዳልሆነ ይገባሃል። «ስካርሌት ቢጎኒያስ»ን ከ«ፋየር ኦን ዘ ማውንቴን» ጋር አያይዘው መጫወት ከጀመሩ ሁለት ወር እንኳ አልሞላቸውም ነበር። እዚህ ከ25 ደቂቃ በላይ አንድ አድርገው ሲወስዱት ስፌቱ አይታይም። በሁለተኛው ክፍል ወደ መጨረሻው ያለውን «ሞርኒንግ ዲው» ደግሞ ለብቻው ቁጭ ብለህ ስማው። ጋርሲያ ሶሎውን በነጠላ ኖታ፣ በጣም ዝግ ብሎ ይጀምራል። ማንም አይቸኩልም። ሌሽ ከሥሩ እየገፋ ያወጣዋል። ጫፍ ሲደርስ ጋርሲያ ነጠላውን ትቶ ክሮቹን ሁሉ በአንድ ላይ በፍጥነት መምታት ይጀምራል፣ እጁ የሚንቀጠቀጥ ይመስላል። መጀመሪያ በቤቲ ቴፕ ስማው። ከዚያ ያንኑ ቦታ በተመልካች ቀረጻ ስማ። በቤቲ ቴፕ ላይ ሙዚቀኞቹን ታያቸዋለህ፣ በተመልካቹ ላይ ደግሞ ጣሪያው ራሱ ሲጮህ ትሰማለህ። እኔ ሁለቱንም አስቀምጫለሁ።

ታዲያ አንተ ቬኔታን ለምን መረጥክ? እንደኔ ግምት የድራሙ ነገር ነው። ሁለተኛው ከበሮ መቺ ሚኪ ሃርት በ1971 መጀመሪያ ከባንዱ ወጥቶ ነበር። በ1972 ከበሮው የቢል ክሮይትዝማን ብቻ ነበር። አንድ ሰው ብቻውን ሲሄድ ባሻው ጥግ ይታጠፋል። ክሮይትዝማን የጋርሲያን ሐሳብ ገና ሳያልቅ ይቀበለዋል፣ ምቱን ይበትነዋል፣ እንደገና ይሰበስበዋል። በ1977 ሃርት ተመልሷል፣ ሁለት ከበሮ መቺዎች አሉ። ሁለት ሰው መንገዱን መስማማት አለበት። ሙዚቃው ከበድ ያለ፣ የተደላደለ፣ ለጭፈራ የሚመች ሆነ። ያ ጉልበት ነው ኮርኔልን ኮርኔል ያደረገው። ነፃነት የሚወድ ጆሮ ግን 1972ን ይመርጣል። አንተ የተለየ ነገር ነው የፈለግከው እንጂ አልተሳሳትክም።

ቬኔታ ኦሪገን ውስጥ ያለች ትንሽ ከተማ ናት። ኦገስት 27 ቀን 1972 እዚያ ሜዳ ላይ የተጫወቱት አንድ የአካባቢውን የወተት ፋብሪካ ለመርዳት ነበር። ሙቀቱ 38 ዲግሪ አልፏል። በዚያ ፀሐይ ጊታር ቅኝቱን አይጠብቅም፣ በየዘፈኑ መሃል ሲቃኙ ትሰማለህ። ሜዳ ላይ ግድግዳ የለም፣ የሚያስተጋባ ጣሪያ የለም። ቀረጻው ደረቅ የሆነው ለዚህ ነው። ኮርኔልን ከሰማህ በኋላ ቬኔታን ስትከፍት መጀመሪያ ባዶ የሚመስልህም በዚህ ነው። አምስት ደቂቃ ስጠው፣ ጆሮህ ይለምደዋል። «ዳርክ ስታር» መጨረሻው አካባቢ ምቱ ሙሉ በሙሉ ፈርሶ ጫጫታ ብቻ ይቀራል። ከዚያ ፍርስራሽ ውስጥ ቀስ ብሎ አንድ የከብት እረኞች ዘፈን ብቅ ይላል፣ «ኤል ፓሶ»። እዚያ ቦታ ላይ ስደርስ ሁሌም የያዝኩትን ሥራ አቆማለሁ።

በጨዋታ መሃል አንድ ሌላ ምሳሌ ላንሳ፣ ለእኛ ቀረብ ስለሚል። በሴፕቴምበር 1978 ባንዱ ግብፅ ሄዶ ጊዛ ላይ፣ ከፒራሚዶቹ ሥር ሦስት ምሽት ተጫወተ። አብሯቸው ኑቢያዊው ሙዚቀኛ ሐምዛ ኤል ዲን ነበር። በጭብጨባና ታር በሚባል ከበሮ የታጀበውን የኑቢያ ዜማ እነሱ ቀስ ብለው በጊታር ይቀላቀሉታል። ከአባይ ዳር የመጣ ምት ስለሆነ እኔ ስሰማው ባዕድ አይሆንብኝም። በመጨረሻው ምሽት ጨረቃዋ ሳይቀር ተጋርዳ ነበር። ከዚህ በላይ ምን ዓይነት ምሽት ይኖራል? ግን ፒያኖው በደንብ አልተቃኘም፣ ክሮይትዝማንም እጁ ተሰብሮ ነበር። ቀረጻው በይፋ የወጣው ከ30 ዓመት በኋላ፣ በ2008 ነው። እዚያ የነበረ ሰው የሕይወቴ ምሽት ነበር ቢልህ እመነው። ቴፑን ስታወዳድር ግን ፒራሚዱን እርሳው።

የታተመ አልበም ነው ብለህም አትዘናጋ። የ1972ቱ «ዩሮፕ 72» አልበም ላይ ከምትሰማው የመድረክ ዘፈን አብዛኛው ድምፅ በኋላ ስቱዲዮ ገብተው እንደገና የዘፈኑት ነው። በ2011 ሃያ ሁለቱም የአውሮፓ ኮንሰርቶች በሙሉ ወጥተዋል። መድረኩን ለማወዳደር የምትፈልግ ከሆነ ወደ እነሱ ሂድ።

የቤት ሥራ ልስጥህ። ኮርኔልን ከቬኔታ ጋር አታወዳድር፣ ሁለት የተለያዩ ባንዶች ናቸው ማለት ይቻላል። ኮርኔልን ከቡፋሎ ጋር አወዳድር። ቡፋሎ ከተማ የተጫወቱት በማግስቱ ነው፣ ሜይ 9 ቀን 1977። ያው ባንድ፣ ያው መሣሪያ፣ ቴፑም የቤቲ ነው። የቀረጻው ልዩነት ከሞላ ጎደል ስለሚጠፋ የሚቀርልህ ምሽቱ ብቻ ነው። ድምፁን እኩል አድርግ፣ ቅኝቱን አረጋግጥ፣ ኢርፎንህን አድርግና ከመጀመሪያው ጀምር። ቡፋሎ የሚከፈተው በ«ሄልፕ ኦን ዘ ዌይ» ነው። እሱ ሳይቋረጥ ወደ «ስሊፕኖት» ከዚያም ወደ «ፍራንክሊንስ ታወር» ይሻገራል። በሁለተኛው ክፍል «ካምስ ኤ ታይም» ላይ ስትደርስ ጋርሲያ ከዘፈኑ በኋላ የሚጫወተውን ሶሎ ሁለት ጊዜ ስማው። ለእኔ ቡፋሎ በአንድ ፀጉር ይበልጣል። አንተ ሰምተህ የመሰለህን ጻፍልኝ።